«እኔ ጋ ይሠራል» መልስ አይደለም

ፓይተን ቀላል ቋንቋ ነው ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። ብዙዎቹ ታዋቂ የፓይተን ፓኬጆች ከባዱን ሥራ የሚያሠሩት በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በረስት በተጻፈ ኮድ ነው። ይህ ኮድ ደግሞ ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ፣ ለኢንቴልና ለአርም ፕሮሰሰር ለየብቻ ኮምፓይል መደረግ አለበት።

የፓኬጁ ባለቤቶች ይህን ሳይሠሩ ሲቀሩ ሸክሙ ተጠቃሚው ላይ ይወድቃል። «ፒፕ ኢንስቶል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ጥሬ ኮድ ይወርድለትና ኮምፓይለር ጫን ይባላል። በዊንዶውስ ላይ ያ ኮምፓይለር በርካታ ጊጋባይት ይበላል። የሞባይል ዳታ በጊጋ እየገዛ ለሚማር የባሕር ዳር ወይም የሐዋሳ ወጣት ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ የኪስም ነው።

ሥራውን ለአንድ ደግ ሰው መተውም አያዛልቅም። ክሪስቶፍ ጎልኬ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ከሚገኝ ላቦራቶሪ ሆኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፓኬጆችን ለዊንዶውስ እያዘጋጀ ለዓመታት በነጻ አደለ። በ2022 እ.ኤ.አ. የላቦራቶሪው የገንዘብ ድጋፍ ሲቋረጥ አገልግሎቱም ቆመ። ሰውየው ምስጋና ይገባዋል። ወቀሳው የራሳቸውን ግዴታ በእሱ ትከሻ ላይ ጥለው ለተቀመጡት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

ከምቾት ያለፈ ነገርም አለ፤ ደኅንነት። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ሊብዌብፒ በተባለው የምስል ላይብረሪ ውስጥ አደገኛ ቀዳዳ ተገኘ። ፒሎው የተባለው የፓይተን ፓኬጅ ይህን ላይብረሪ በሆዱ ይዞ ይዞር ነበር። ተጠቃሚው ኮምፒውተሩን ቢያድስ እንኳ በፓኬጁ ውስጥ ያለው አሮጌ ቅጂ አይነካም። ፒሎው ግንባታውን ቀድሞውኑ በአውቶማቲክ ያስኬድ ነበርና በዚያው ወር ላይብረሪውን ያደሰ 10.0.1 የተባለ እትም አወጣ። በእጁ ኮምፓይል የሚያደርገው፣ አንዱን ማሽን ከጓደኛ የሚዋሰው ፕሮጀክት ምን ሊያደርግ ነበር? የሰውን ላይብረሪ በፓኬጁ ያጨቀ የላይብረሪውን በሽታም አብሮ አጭቋል።

«ባለቤቶቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጊዜ የላቸውም» የሚሉ አሉ። ጊዜ የሌለው ሰው ነው አውቶማቲክ የሚያስፈልገው! ሲአይቢልድዊል የተባለው ነጻ መሣሪያ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ በእያንዳንዱ አዲስ እትም ለሦስቱም ሲስተሞች ይገነባል፤ ይፈትሻልም። የመጀመሪያው ማስተካከያ አድካሚ ነው፤ ድካሙ ግን አንድ ጊዜ ነው።

እርግጥ ነጻ ሰርቨርም ዘላለማዊ አይደለም። ትራቪስ ሲአይ ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ይሰጥ የነበረውን ያልተገደበ ነጻ አገልግሎት በ2020 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ስለዚህ የግንባታው ትእዛዝ ከኮዱ ጋር በይፋ ይቀመጥ፤ ነገ ሌላ ሰርቨር ላይ ማንም ሊያስኬደው ይችላል። የሰርቨሩን ወጪ ደግሞ በእነዚህ ፓኬጆች የሚነግዱ ኩባንያዎች ይክፈሉ። ትርፉን እነሱ እየወሰዱ ሸክሙን ተማሪና በጎ ፈቃደኛ የሚሸከምበት አሠራር ይብቃ።