የፈረመ ይጠየቃል፤ የሚጠየቅም ይማር

አንድ አይሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ጥገናውን የፈጸመው መካኒክ በመዝገብ ላይ ይፈርማል። ለዚህ ፊርማ የበቃውም ዓመታት ተምሮ፣ ተፈትኖና ፈቃድ ተቀብሎ ነው። ዳሩ ግን መለዋወጫው ዛሬ እንዲገዛ ወይም እንዲቈይ፣ የጥገናው ጊዜ እንዲያጥር ወይም እንዲራዘም የሚወስነው ከመካኒኩ በላይ ያለው የሥራ መሪ ነው። ታዲያ ይህን መሪ የጥገናን ደንብና በሕግ የሚደርስበትን ኃላፊነት ያስተማረው ማን ነው?

ክቡራን አንባብያን፣ «የጫጫ ነጋዴ ከአይሮፕላን ጥገና ምን አለው?» ትሉ ይሆናል። በገበያችን የሚሸጠው በግና ገብስ የሚጓዘው በመኪና መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም ልጆቻችን ለሥራና ለትምህርት ባሕር የሚሻገሩት በአይሮፕላን ነው፤ ላኪዎቻችን አበባና ሥጋ የሚልኩት፣ አስመጪዎቻችንም በጥድፊያ የሚፈለገውን ዕቃ የሚያስመጡት በዚያው መንገድ ነው። ከዚህም በላይ ነገሩ ለማንኛውም ባለንብረት ትምህርት ይሆናል።

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2005 ዓ.ም. ያጸደቀው የቺካጎ ስምምነት 19ኛ አባሪ፣ አየር መንገዶችና የጥገና ድርጅቶች ስለ ደኅንነት የሚጠየቅ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ለይተው እንዲያስታውቁ ያዛል። ይህ ኃላፊ ሥራውን ለበታቾቹ ሊያካፍል ይችላል፤ ተጠያቂነቱ ግን ከራሱ ላይ አይወርድም። የአውሮፓ የጥገና ድርጅቶች ደንብም ኃላፊው ለጥገናው የሚያስፈልገውን ገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን እንዲኖረው፣ ደንቡንም ቢያንስ በመሠረቱ ማወቁን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ሁለቱ በአንድነት መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ ገንዘብ ይዞ ደንብ የማያውቅ ሰው ቁጠባ መስሎት ጥፋት ሊያዝ ይችላልና።

ለዚህ ምስክር አይታጣም። ጥር 22 ቀን 1992 ዓ.ም. የአላስካ አየር መንገድ ኤምዲ 83 አይሮፕላን በካሊፎርኒያ አጠገብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ወድቆ 88 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ የጅራቱን አግድም ክንፍ የሚያዘነብለው ብሎን የሚዞርበት ዳዶ በቂ ቅባት ባለማግኘቱ ጥርሱ ተበልቶ አልቆ ነበር። አየር መንገዱ የቅባቱንና የምርመራውን ጊዜ አራዝሞ ነበር፤ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ፈቅዶለት ነበር። እንዲህ ያለው የጊዜ ሰሌዳ የሚራዘመው በጠረጴዛ ላይ እንጂ በጋራዥ ውስጥ አይደለም።

ከራሳችን ኀዘን የተገኘም ትምህርት አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በዚህ አደጋ ዋናው መነጋገሪያ ጥገና ሳይሆን፣ ከአንድ ጠቋሚ የሐሰት ምልክት ተቀብሎ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው መሣሪያ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ ከመሐንዲሶቹ አልፎ እስከ ላይኞቹ መሪዎች ደረሰ። የቦይንግ ባለአክሲዮኖች የኩባንያውን የቦርድ አባላት በደላዌር ፍርድ ቤት ከሰሱ። ዳኛይቱም በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. ክሱ እንዲቀጥል ሲወስኑ፣ በቀረበው ክስ መሠረት ቦርዱ የአይሮፕላን ደኅንነትን የሚከታተል ኮሚቴ እንዳልነበረው፣ በስብሰባውም ስለዚሁ ዘወትር የሚነጋገርበት ጊዜ እንዳልመደበ ገለጹ። ክርክሩ በ2014 ዓ.ም. በ237 ሚሊዮን ተኩል ዶላር በስምምነት አለቀ። እንግዲህ «አልሰማንም» የሚለው መልስ መሪን የሚያድን መሆኑ ቀርቶ ራሱ የክስ ምክንያት ሆኗል።

እኔም በሙያዬ የነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ሾፌራችን «የፍሬን ሸራው አልቋል» የሚል የመካኒክ ወረቀት አምጥቶ ሰጠኝ። ለአሠሪዬ በቃል ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም «ከፋሲካ ገበያ በኋላ ይሠራል» አሉ። ወረቀቱንም ከደረሰኞች ጋር በፋይል አስቀመጥሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ መኪናው በግ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ በአንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሾፌሩ ከገደሉ ጥግ ጋር እያስታከከ በጭንቅ አቆመው። በእግዚአብሔር ቸርነት ሰው አልሞተም፤ ከበጎቹ ግን ብዙዎቹ አለቁ። በዚያች ሌሊት ፋይሉን ከፍተን ወረቀቱን ስናነብ ሾፌሩን ለመውቀስ የሚበቃ አፍ አልነበረንም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል፤ ሕግን አለማወቅም መከላከያ አይሆንም። ይህን አሠሪዬም እኔም ያወቅነው ከአደጋው በኋላ ነው።

አንዳንዶች «የመሪ ጊዜ ውድ ነው፤ ባለሙያ ቀጥሮ ማመን ይበቃዋል» ይላሉ። ባለሙያን ማመን መልካም ነው፤ ነገር ግን የባለሙያውን ወረቀት አንብቦ የማይረዳ መሪ እምነቱ ቸልተኝነት ይሆንበታል። መሪው መፍቻ መያዝን ይማር አንልም። ደንቡ ምን እንደሚያዝ፣ ፊርማው በምን እንደሚያስጠይቀው፣ በጀት ሲቀነስ የትኛው ምርመራ እንደሚጎዳ፣ «ይህ አይሮፕላን አይነሣም» ያለ ሠራተኛም በድፍረቱ እንዳይበደል እንዴት እንደሚጠበቅ ይማር።

በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪና መካኒክ የሚያሠለጥን፣ የሌሎች አገሮችን አይሮፕላኖች ሳይቀር የሚጠግን፣ የምንኮራበት ድርጅት ነው። በአገራችን በአቪዬሽን ሥራ ላይ የሚሾም መሪ ሁሉ መካኒኩ በሚፈተንበት ጥብቅነት እንዲማር፣ ትምህርቱም በየጊዜው እንዲታደስ፣ ከአስተማሪዎቹም መካከል የሕግ ዐዋቂዎች እንዲኖሩ ያስፈልጋል። የንግድ ምክር ቤታችንም በበኩሉ መኪናና ወፍጮ ላላቸው አባሎቹ የሕግና የጥገና ዐዋቂዎችን ጋብዞ ቢያንስ የአንድ ቀን ትምህርት ቢያዘጋጅ ወጪው ከአንድ ጭነት በግ ዋጋ አይበልጥም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

በእኛ ቤት ከዚያ ወዲህ አንድ ሥርዐት ተተክሏል። አሠሪዬ በገዛ እጃቸው አንብበው ቀኑን ጽፈው ሳይፈርሙበት ማናቸውም የመካኒክ ወረቀት ወደ ፋይል አይገባም።