የሆድ ጠባይ መለወጥና ከመጠን ያለፈ ሥጋት

ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ እጅ መታጠብ በየወሩ ደጋግመን እናሳስባለን። ዛሬ ግን እጁን ታጥቦ፥ ውሃውን አፍልቶ፥ ምግቡን አብስሎ ከበላም በኋላ ዕረፍት ስላጣው ሰው ልንናገር እንወዳለን። ይህ ሰው በየማለዳው ዓይነ ምድሩን ይመረምራል፤ ትናንት ጠንከር ያለው ዛሬ ላላ ቢል፥ ወይም አንድ ቀን ቢያልፈው፥ «አንጀቴ ተበላሽቷል» ብሎ ሲተክዝ ይውላል። ነገሩ ለሚሰማው ያስቅ ይሆናል፤ ለባለቤቱ ግን እንቅልፍና ገንዘብ የሚያሳጣ እውነተኛ ጭንቀት ነው።

በቀን 3 ጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድም ሆነ በሳምንት 3 ጊዜ ብቻ የሚሄድ ሰው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። «በየቀኑ አንድ ጊዜ» የሚለውን ሕግ ተፈጥሮ አላወጣችውም። ከዚህም ሌላ አንጀት የሚበላውን ይከተላል። የሁዳዴን 55 ቀን በሽሮ፥ በምስርና በጎመን የቆየ ሰው በፋሲካ ጧት ዶሮውን፥ ክትፎውንና ወተቱን በአንድ ጊዜ ቢያወርድበት፥ ሆዱ ዝም ሊል እንዴት ይችላል? ወተትማ ጾምም ባይኖር ብዙ አዋቂዎችን ሆዳቸውን ይነፋቸዋል፤ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የመፍጨት ኃይል ከልጅነት በኋላ ይቀንሳልና። ቀይ ሥር የበላ ቀይ፥ ጎመን ያበዛ አረንጓዴ፥ ለደም ማነስ የብረት ኪኒን የሚውጥም ጥቁር ዓይነ ምድር ቢያይ ሊያስደንቀው አይገባም።

ፍርሃት ራሱ ደግሞ አንጀትን ያነዋውጣል። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከአንጎል ጋር ዘወትር የሚላላክ የነርቭ መረብ ተዘርግቷል፤ ተማሪ በፈተና ጧት፥ ባለጉዳይ በችሎት ደጃፍ ሆዱ የሚላላው ስለዚህ ነው። አማርኛችን ይህን ከሐኪም ቀድሞ ያወቀ ይመስለናል፤ ያዘነው «ሆዴ ባባ»፥ የሠጋው «ሆዴ ተሸበረ» ይላልና። እንግዲህ የፈራው ሰው ሆዱ ይታወካል፤ የታወከው ሆድም ፍርሃቱን ያበረታዋል። ትንሿን ለውጥ ሁሉ የሚጠባበቅ ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ የሚያየው አያጣም።

በባሕር ማዶ ትምህርታችን ጊዜ ያነበብነው ታሪክ ይህ ሥጋት የሊቃውንትም እንደ ነበር ያሳያል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኤሊ መችኒኮፍ በትልቁ አንጀት ውስጥ የሚፈጠረው ብስባሽ ዕድሜን ያሳጥራል ብሎ ያምን ነበር። በዚያው ዘመን የለንደኑ ቀዳጅ ሐኪም ሰር ዊሊያም አርበትኖት ሌይን ድርቀት የጸናባቸውን ሰዎች ትልቁን አንጀታቸውን ቆርጦ እስከ ማውጣት ደርሷል፤ ከዚህም የተነሣ የተጎዱ፥ የሞቱም ነበሩ። አሳቡ ቆይቶ ውድቅ ሆነ። እኛም በበኩላችን ልንስቅባቸው አንችልም፤ አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ሲጠጡ ኖረዋል። የእነርሱ ግን ቢያንስ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣ እውነተኛ ትል ነበረባቸው።

ዛሬ የኮሶውን ስፍራ «አሜባ» እና «ጃርዲያ» ወርሰውታል። ሁለቱም በእርግጥ ያሉ በሽታዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሆዱ በጮኸ ቁጥር ናሙናውን በክብሪት ቀፎ ይዞ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ የሚዞር፥ ከዚያም ያለ ማዘዣ ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ የሚውጥ ሰው ራሱን ይጎዳል። መድኃኒቱ ያቅለሸልሻል፤ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፤ ሆድንም ሊያላላ ይችላል። በሽተኛው ግን ሕመሙ የባሰበት መስሎት ይደግመዋል። ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ባለ ሱቅ፥ በሽተኛውን ለማስደሰት ብቻ ምርመራ የሚደጋግመውንም ባለሙያ አጥብቀን እንነቅፋለን።

እንዲህ ያለውን ሰው «ምንም የለብህም» ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይደለም። በመልክ ምንም ጉዳት ሳይታይበት አሠራሩ ብቻ የሚታወክ አንጀት አለ፤ ሕመሙም የእውነት ነው። በእኛ አስተያየት አንድ ጊዜ በሚገባ ይመርመር፤ ከዚያም ሐኪም ከመለዋወጥ ይልቅ አንዱን ይዞ በቀጠሮ ይመላለስ፤ በየማለዳው የመመርመርን ልማድ በጥቂት በጥቂቱ ይተው። ሥጋቱ ከጸናበት ደግሞ በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና እንደሚረዳ ተረጋግጧል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላው ሰው ነው። ይህኛው ደም እያየ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ለወራት ይደብቃል፤ ኀፍረት ይዞታልና። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ የትልቁ አንጀት ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ እርሱም በጊዜ ሲደረስበት ብዙ ጊዜ ይድናል። ደም ያየ፥ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ዓይነ ምድር የወጣው፥ ሳይጾም የከሳ፥ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ተቅማጥ የያዘው፥ ወይም ዕድሜው ገፍቶ የሆዱ ጠባይ ለሳምንታት የተለወጠበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ደግሞ ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ ጡት እያጠቡ፥ ኦ.አር.ኤስ. በጥቅሉ ላይ በታዘዘው መጠን እያጠጡ፥ መንገድ መጀመር ነው።

ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ለውጡ መቼ እንደ ጀመረ፥ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወጣ፥ ደም እንዳለበት፥ ክብደቱም እንደ ቀነሰ ሳያፍር ይናገር። የዋጠውን ኪኒንና የጠጣውን የባህል መድኃኒትም አይደብቅ፤ ኮሶ በብዛት ሲወሰድ የዓይንን ብርሃን እስከ መጉዳት ይደርሳልና ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል።