ጣውላው ሳይመታ እርጥበቱ ይታወቅ

በስንት ወር የተጠራቀመ የዕቁብ ገንዘብ ለሳሎን ጣውላ ወጥቶ፣ ወለሉ በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲሰነጠቅ ማየት ለሠራተኛ እናት ቀላል ኀዘን አይደለም። ክፍተቱ አቧራና ቁንጫ ይሸሽጋል፤ የተነሣው ጠርዝ የሕፃናትን እግር ያሰናክላል። ለዚህም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጣውላው ሳይደርቅ መመታቱ ነው።

እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በወርዱ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው አናጢ ካልተገኘ፣ የወጥ ቤት ሚዛንና የምድጃው ፎርኖ ይረዳሉ። የጣውላው ጫፍ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ከመካከሉ ቁራጭ ቆርጦ መመዘን፤ ከዚያም በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ማድረቅ ነው። 120 ግራም የነበረው 100 ግራም ከሆነ፣ እርጥበቱ 20 በመቶ ነበር ማለት ነው። ይህ ብዙ ነው። ለቤት ወለል የሚመረጠው፣ እንደ አካባቢው አየር፣ ከ6 እስከ 12 በመቶ ያለው ነው።

ሲሚንቶውም ይፈተሽ። ላስቲክ አንጥፎ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ አንድ ቀን ማቆየት ነው። ከሥሩ ጤዛ ከታየ ገና አልደረቀም፤ ጤዛ አለመታየቱ ብቻ ግን ሙሉ ማረጋገጫ አይሆንም።

የደረቀውንም ጣውላ በሚመታበት ክፍል ውስጥ፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ደርድሮ፣ እርጥበቱ መለዋወጡን እስኪተው ማቆየት ይገባል።

እንግዲህ እናቶች፣ አናጢው «ዛሬውኑ ልምታው» ቢል፣ «በቅድሚያ እንመዝነው» ማለት መብታችሁ ነው። የጥቂት ሳምንታት ትዕግሥት የዓመታት ቁጠባን ያድናል።