የነዳፊ ጣዕም ለባለቤት ሕግ አይሆንም

በዚህ ዘመን ስለ ሕንፃ የሚነጋገሩ ሰዎች አንድ ነገር አዘውትረው ሲናገሩ ይሰማል። ይኸውም «ነዳፊው የውበትን ነገር የተማረ ስለ ሆነ ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሎ ዝም ይበል፤ ቤቱ ባይመቸው እንኳ ጥፋቱ በእንዲህ ያለ ቤት መኖርን ያልተማረው የባለቤቱ ነው» የሚል ነው። ይህ አነጋገር የዕውቀት መልክ አለው፤ ሲመረምሩት ግን የትዕቢት ነገር ነው። ሰው የወደደውን መልክ ቢወድ፣ የጠላውንም ቢጠላ ማንም አይከለክለውም፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ የሚወድ አለ፤ ክብ ቤት የሚወድ አለ፤ ነጭ ኖራ የሚወድ አለ፤ ኅብረ ቀለም የሚወድ አለ። ነገር ግን የራስን መውደድ በሌላው ሰው ጣራ ላይ ሕግ አድርጎ ማቆም ሌላ ነገር ነው። እኛም የምንከራከረው በዚህ ላይ ነው።

ነገሩ በባዶ ቃል እንዳይቀር፣ በብዙ ነዳፊዎች ዘንድ እንደ መምህር የሚቈጠረውን የአንዱን ሰው ሥራ እንመልከት፤ ዓመቶቹንም የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው ሰው በ1887 በስዊስ አገር፣ በሰዓት ሥራ በታወቀችው በላ ሾ ደ ፎን ከተማ ተወለደ፤ የልጅነት ስሙ ሻርል ኤዱዋር ዣንረ ነው። የሚወደውንና የሚጠላውን የማይሸሽግ ሰው ነበር። በ1923 ባወጣው መጽሐፍ ቤትን ሰው የሚኖርበት መኪና አድርጎ ቈጠረው። በ1925 በጻፈው በሌላው መጽሐፍ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ የግድግዳውን መጋረጃና ጌጥ አውጥቶ ቤቱን በነጭ ቀለም እንዲቀባ በሕግ ቢታዘዝ መልካም ነው ብሎ አሰበ። በ1927ም ለአዲስ ቤት አምስት ነገር ደነገገ፤ ይኸውም ቤቱ በአዕማድ ከምድር ከፍ እንዲል፣ ጣራው ጠፍጣፋ ሆኖ አትክልት እንዲተከልበት፣ የውስጡ ክፍል እንደ ተፈለገ እንዲከፈል፣ መስኮቱ እንደ መቀነት እንዲዘረጋ፣ የፊቱም ግድግዳ ሸክም የሌለበት እንዲሆን ነው። አርማታ የተባለው በብረት የተደገፈ ሲሚንቶ ለዚህ ሁሉ ኀይል እንደሚሰጥ አስተውሎ ነበርና ዕውቀቱን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ጣዕሙን ድንጋጌ ማድረጉን ነው።

ድንጋጌው ምን እንዳመጣ ቤቶቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ከ1928 እስከ 1931 በፓሪስ አጠገብ በፗሲ ለሳቮዬ ቤተ ሰብ የሠራው ቤት አምስቱንም ነገር የፈጸመ ነው። ቤቱ በመልኩ ነጭና ቀላል ሆኖ በሣር ሜዳ መካከል ቆሟል። ነገር ግን ጣራው ያፈስስ ነበር፤ የቤቱ እመቤትም ዝናብ እየገባ ማስቸገሩን ለነዳፊው ደጋግማ በደብዳቤ አስታወቀች። ቤተ ሰቡ በ1940 በጦርነቱ ምክንያት ቤቱን ለቀቀ። ዛሬ ቤቱ በፈረንሳይ መንግሥት የሚጠበቅ ቅርስ ነው፤ በ2016ም ከሌሎቹ ሥራዎቹ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ለማየት የሚመጣው ሰው አድንቆ ይሄዳል፤ ዝናቡ የወረደው ግን በሚያደንቀው ላይ ሳይሆን በሚኖርበት ላይ ነበር። «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» የሚለው የአገራችን ተረት በእንዲህ ያለው ጊዜ ይታወሳል።

በቦርዶ አጠገብ በፔሳክም በ1926 የተመረቁ ኀምሳ ያህል የሠራተኛ ቤቶች ነበሩት፤ ያሠራቸውም አንሪ ፍሩዤስ የተባለ የስኳር ፋብሪካ ባለቤት ነው። ነዋሪዎቹ ከገቡባቸው በኋላ ቀስ በቀስ ረጃጅሙን መስኮት አጠበቡት፤ ክፍቱን ሰገነት ዘጉት፤ ከጠፍጣፋው ጣራ ላይም ተዳፋት ጣራ የደፋ አለ። ይህን አይቶ «ሕዝቡ ውበትን አያውቅም» የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ግን ነዋሪው በመዶሻና በመጋዝ መልስ ሰጠ እንላለን። ነዳፊው አስቀድሞ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ይህ መልስ ከመሠረቱ በፊት በተነገረ ነበር።

በአንድ ቤት የተጀመረው ነገር በከተማ ሲሆን ይብሳል። በ1925 ይኸው ሰው ከፓሪስ መካከል በሴን ወንዝ በስተቀኝ ያለውን ሰፊ ሰፈር አፍርሶ፣ በምትኩ ስልሳ ስልሳ ፎቅ ያላቸው ዐሥራ ስምንት ሕንፃዎች ለማቆም ንድፍ አቀረበ። ፓሪሶች አልተቀበሉትም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ግን ዐይኑን ወደ እኛ አዞረ። በ1936 ፋሽስቶች አዲስ አበባን በያዙ ጊዜ፣ ሥራው ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ በማድረግ ለከተማችን ንድፍ ሥሎ ለኢጣልያ ባለሥልጣን ላከ። ሥራው አልተሰጠውም። የሣለው ንድፍ ግን ምስክር ሆኖ ቀርቷል፤ አንድ ታላቅ ቀጥ ያለ መንገድ ተዘርግቶበታል፤ በዚያ ላይ የነበረው ከተማ ግን እንዳልነበረ ተቈጥሯል።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ኀምሳ ዓመት ሆኗት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው፣ ሠራተኛ ሰፈሩና ጉለሌው፣ በየወንዙ ዳር የተሠራው ጐጆና የቆርቆሮ ቤት ሁሉ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያገባበትና የሚቀበርበት አገር ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ለመሰረዝ የደፈረ እጅ በወራሪ እጅ መደገፍ ፈለገ፤ ባለቤቱን የማይጠይቅ ጣዕም ባለቤቱን ዝም የሚያሰኝ ኀይል ይፈልጋልና። ስለዚህ ነገሩ የመልክ ጨዋታ ብቻ አይደለም እንላለን።

«ለባለቤት ፈቃድ ሁሉ ከተገዛን መልክ የሌለው ቤት ይበዛል» የሚል ይነሣ ይሆናል። ነዳፊ የባለቤት ጸሓፊ ብቻ ይሁን አላልንም። የቅኔ ሰው ምሥጢሩን ከልቡ ያመጣል፤ የቤቱን ቍጥርና ዜማውን ግን እንደ ወደደ አይለውጠውም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። በጉባኤ ቃና ስፍራ መወድስ የሚያዘንብ ሰው ቃሉ ቢያምር እንኳ ስፍራውን አላወቀም ይባላል። ደግሞም ሰሙ ሳይገጥም ወርቁ አይፈስስም። የቤት ሰሙ ጣራውና በሩ፣ ምድጃውና መኝታው ነው፤ ወርቁ ውበቱ ነው። የአገራችን ባላገር የጐጆውን ክዳን አሹሎ የሚሠራው የክረምት ዝናብ ሳይቆም እንዲወርድ ነው፤ ከጫፉም ላይ ውሃ እንዳይገባ ሸክላ ይደፋበታል፤ ያ ሸክላ ለጐጆው እንደ ዘውድ ይሆንለታል። ባላገሩ መጀመሪያ ዝናቡን መለሰ፤ ጌጡ ከዚያ መጣ።

ይህንንም ሌ ኮርቡዚዬ ራሱ በመልካሙ ጊዜው ያስተምረናል። በ1955 በሮንሻን በኮረብታ ላይ ያቆመው ጸሎት ቤት ግድግዳው ወፍራምና ጐባጣ ነው፤ የጣራው ዝናብ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ አሸንዳ ወደ ገንዳ ይወርዳል። በፗሲ ያስቸገረውን ዝናብ በሮንሻን አከበረው፤ አሸንዳውም ከሕንፃው ጌጥ አንዱ ሆነ። ለራሱ ደግሞ ከ1951 እስከ 1952 በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር በሮክብሩን ካፕ ማርተን አንዲት የእንጨት ጐጆ ሠራ፤ ወርዷም ርዝመቷም 3.66 ሜትር ነው። ለፓሪስ ሰዎች ስልሳ ፎቅ ያሰበው ሰው ለራሱ በእግር የምትለካ ክፍል በቃችው፤ በ1965 እስኪሞት ድረስም ክረምቱን ሳይሆን በጋውን እየመጣ ያርፍባት ነበር። ለዚያች ጐጆ ነዋሪውን ጠንቅቆ ያውቀው ነበርና ልኳን አልሳተም። ለሌላው ሰው ይህን ያህል ዕውቀት ሳይፈልግ ድንጋጌ ማውጣቱ ነው ነቀፋችን።

ዛሬም በአዲስ አበባ በመስተዋት የተሸፈኑ ረጃጅም ፎቆች ይታያሉ። መስተዋት ብርሃንን አስገብቶ ሙቀቱን እንደሚይዝ የታወቀ ነው፤ በውስጡ የሚሠራው ሰው ቀትር ላይ መጋረጃ ሲጋርድ፣ የተከፈለበት መስተዋት ምን ጠቀመው? በሌላ አገር ያማረ መልክ በእኛ ፀሓይና በእኛ ክረምት ፊት ቆሞ እንደ ገና ሊፈተን ይገባዋል።

እንግዲህ ቤት የምታሠሩ ሰዎች፣ በነዳፊው ሥዕል ተደንቃችሁ አፋችሁን አትዝጉ። ምጣዱ የት እንደሚጣድ፣ ጢሱ በየት እንደሚወጣ፣ ለሠርግና ለልቅሶ የሚመጣው ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ አሮጊት እናታችሁ ደረጃውን እንዴት እንደምትወጣ፣ የሐምሌ ዝናብም በየት እንደሚወርድ ጠይቁት። እናንተም ነዳፊዎች ሆይ፣ ይህን መጠየቅ ውበትን መቃወም አይምሰላችሁ። ጣዕማችሁን ለዚህ ጥያቄ አገልጋይ ብታደርጉት ሥራችሁ ያምራል፤ ጌታ ብታደርጉት ግን ነዋሪው ነገ መጋዙን ይዞ ይነሣል።