ላም ባሕር ዛፍ አትበላም

ክረምት ሲገባ አገሩ ሁሉ ችግኝ ይተክላል። አረንጓዴ አሻራ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተጀመረ ወዲህማ ጉድጓድ ያልቆፈረ መሥሪያ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ደግ ነው። የሣር ዘር የሚዘራ ግን የት አለ?

ከባሕር ዳር ዓባይን ተሻግሮ በጎንደር መንገድ ጥቂት ለሄደ ሰው ዘንዘልማ ቅርብ ናት። የዩኒቨርሲቲው ግብርና ኮሌጅ እዚያው ነው። አካባቢውን ጫት፣ ባሕር ዛፍና ቤት ተሻምተውታል። በተረፈችው የወል ግጦሽ ላይ ሁሉም ከብቱን ይለቃል። ከብት የሚወደው ሣር ዘር ሳይጥል ይነጫል፤ የማይነካው አረም ግን በሰላም ያፈራል። በዚህ አካሄድ መሬቱ አረንጓዴ ሆኖ ላሟ ትራባለች።

መፍትሔ ሲባል ደሾ ይመጣል። ደሾ የአገር ሣር ነው፣ እርከን ይይዛል፣ ከብትም ይበላዋል፤ ክስ የለበትም። ችግሩ የሚባዛው በስር ግንጣይ መሆኑ ነው። ግንጣይ ይከብዳል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ መኪና ይፈልጋል። ከአንድ እናት የተገነጠለ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነም አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም ይጥላል። ዘር ግን በአንድ ከረጢት ብዙ ዓይነት ይይዛል፣ በትከሻም ይሄዳል።

«የአገር ሣር ዘር አይበቅልም» የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ብዙው ፍሬ የሌለው ባዶ ገለባ ነው፤ እኩል አይደርስም፣ የደረሰውም ይረግፋል፣ አዲስ ዘር ደግሞ ወዲያው ቢዘራ ዝም ይላል። ለዚህ ሁሉ መላ አለው። በጣት አሽቶ ፍሬ መኖሩን ማየት ነው። በጥቅምትና በኅዳር የተለቀመውን ደረቅ ቦታ አስቀምጦ ክረምት ሲገባ መዝራት ነው፤ በመካከሉ ያሉት ወራት ራሳቸው ዘሩን ያነቁታል። ሰንበሌጥማ የራሱ ማረሻ አለው፦ ልብስ ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረው ጭራ እርጥበት ሲነካው እየተጠማዘዘ ዘሩን ወደ አፈር ይሰካዋል።

ደቃቅ ዘር አዘራርን ለጎጃም ገበሬ ማስተማርም አያስፈልግም። ጤፍ ሣር አይደለም እንዴ? ሺህ ፍሬው ግማሽ ግራም የማይሞላውን ዘር ደጋግሞ ባረሰው፣ በከብት ባስረገጠው ማሳ ላይ ሳይቀብር ሲበትን የኖረ ሰው ነው። የግጦሽ ሣርም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ጠልቆ የተቀበረ አይወጣም።

ዘሩ ከየት ይምጣ? በአሜሪካ የጥንቱ ሜዳ ታርሶ ሲያልቅ የአገሩ ሣር የተረፈው በአሮጌ መቃብርና በባቡር ሐዲድ ዳር ነበር፤ ሜዳውን መመለስ የፈለጉት ከዚያ ለቅመው ዘሩ። እዚህ ከብት የማይደርስበት ቦታ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዶ መልቀም ከባድ አይደለም። ሮድስ የሚባለው ሣር እንኳ በኢትዮጵያም በዱር የሚበቅል የአፍሪካ ሣር ነው፤ አውስትራሊያውያን ዘሩን ወስደው ንግድ አደረጉት፣ እኛ ዘንድ «የተሻሻለ» ተብሎ ይሸጣል።

ከባዱ ነገር አጥሩ ነው። የተዘራ ግጦሽ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ከብት እንዳይነካው ይፈልጋል። ያን ዓመት የሚጎዳው አምስት በሬ ያለው አይደለም፤ መሬት የሌላት፣ አንዲት ላሟን በወል ግጦሽ የምታኖር ሴት ናት። ቀበሌው ሳይከልል በፊት ለእሷ ላም የሚሆን ድርቆሽ ከየት እንደሚመጣ ይወስን፤ የመጀመሪያው አጨዳም የእሷ ይሁን። አለዚያ አጥሩን በሌሊት ብትከፍተው ማን ይፈርድባታል?