ድራይቨሩ ብቻ ቢገለጥ ይበቃልን?

የድራይቨሩን ኮድ ገልጦ ያሳየ ኩባንያ ሁሉ ሊመሰገን ይገባዋል የሚሉ ጓደኞቻችን ብዙ ናቸው። እኛ ግን ከምስጋናው በፊት የተገለጠው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ይጠየቅ እንላለን።

ሃባና ላብስ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሠራው ቺፕ የጻፈው ድራይቨር በሊኑክስ ከርነል ውስጥ እንዲገባለት አቀረበ። የድራይቨሩ ኮድ ለማንም የተገለጠ ነበር። ይሁን እንጂ ከከርነሉ ውጭ ሆኖ ለቺፑ ትእዛዝ የሚያዘጋጀው ኮምፓይለር ተዘግቶ ቀረ። የግራፊክስ ድራይቨሮችን ክፍል የሚመራው ዴቭ ኤርሊ ይህን ነቀፈ፤ በእርሱ ክፍል በድራይቨሩ የሚገለገለው ፕሮግራም ካልተገለጠ ድራይቨሩም አይገባምና። ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ግን በሚመራው በሌላ ክፍል በኩል ተቀበለው፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ከወጣው ከ5.1 ጋራ ወጣ።

የተቀባዮቹ ክርክር ከንቱ አይደለም። ኩባንያው ውጭ ከሚቀር ገብቶ ሥርዓቱን ቢለምድ ይሻላል ይባላል፤ እኛም ለጥቂት ጊዜ በዚህ ሐሳብ ተስበን ነበር። ነገር ግን መርማሪው ምኑን እንደሚመረምር እናስብ። ቺፑ የኮምፒዩተሩን ሜሞሪ በቀጥታ የሚያነብና የሚጽፍ ነው። የሚላክለት ትእዛዝ ትርጉሙ ካልታወቀ፣ ድራይቨሩ የሚያሳልፈው ጥያቄ ጉዳት ይኑረው አይኑረው በምን ይለያል? መስመሩን ማንበብ ይቻላል፤ መፍረድ ግን አይቻልም። ደግሞም ሊኑክስ ለተጠቃሚ ፕሮግራም አንድ ጊዜ የሰጠውን መገናኛ ኋላ እንዳያፈርስ የቆየ ደንብ አለው። እንግዲህ ኩባንያው ነገ ቺፑን ቢተወው፣ ሊሞክሩት የማይችሉትን ኮድ ተሸክመው የሚቀሩት የከርነሉ ጠባቂዎች ናቸው። (ከእነርሱም ብዙዎቹ የሌላ ኩባንያ ደመወዝተኞች መሆናቸው ራሱን የቻለ ክርክር ነው።)

በ2021 ድራይቨሩ ሜሞሪን ከሌሎች መሣሪያዎች ጋራ የሚጋራበትን መንገድ ሊያገኝ በተጠየቀ ጊዜ ነገሩ እንደ ገና ተነሣ። በዚያን ጊዜ በኢንቴል እጅ የነበረው ኩባንያ በዚያው ዓመት ኮምፓይለሩን ገለጠ። የተቃወመ ባይኖር ኖሮ ይገለጥ ነበርን? እኛ አይመስለንም።

በ2023 በወጣው በ6.2 ለእንዲህ ያሉ ቺፖች የራሳቸው ክፍል ሲቋቋም የግራፊክሱ ደንብ አብሮ ገባ። የሚያስቈጨን ይኸው ደንብ በ2019 አለመጠየቁ ነው፤ በመካከሉ ባሉት ሁለት ዓመታት ቺፑን ከኮዱ ሊማር የተነሣ ተማሪ ግማሹን ብቻ ነበር የሚያገኘው።