ሞል የሰለቻቸው 18 ሰዎችና አንድ አውቶቡስ

ሰሞኑን ከዱባይ የደረሰኝን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት፤ በአንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። «አራት ዓመት ሙሉ ኦፍ በመጣ ቁጥር ሞል ገብተን፣ የማንገዛውን ዕቃ ስንነካካ ውለን፣ በርገር በልተን ነው የምንመለሰው። አገሩን አላየነውም። አሁን 18 ሆነን ታሪካዊ ቦታ ለመጎብኘት ተስማማንና እኔን አስተባባሪ አድርገው መረጡኝ። መዋጮም መሰብሰብ ጀምሬአለሁ። ግን ገና ሳንነሳ መኳረፍ ጀመርን። ምን ይመክሩኛል?» ትላለች።

የኩርፊያው ምክንያት ሁለት ነው። ግማሾቹ በረሃ ላይ ድንኳን ተክለን እንደር ይላሉ፤ ከመካከላቸው ግን ሦስቱ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ማደር አይችሉም። ሁለተኛው ደግሞ አንዷ ጓደኛዋ «ለምን ቲክቶክ ላይ አናወጣውም? በነፍስ ወከፍ 20 ድርሃም ጨምረን ብናስከፍል ለድካማችን ይሆነናል» ማለቷ ነው።

እህቴ፣ ከማደሩ ልጀምር። አንቺ ደብዳቤሽ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሰጠሽው፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። «የማይችል ይቅር» ያሉት ጓደኞችሽ ክፉ ሰዎች ሆነው አይመስለኝም። ሱቅና ሳሎን የሚሠራ ሰው ሥራውን ሲጨርስ በሩን ዘግቶ ይወጣል። የቤት ሠራተኛዋ ግን የምታድረውም የምትሠራውም አንድ ጣሪያ ሥር ነው። በ2022 የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው ዕረፍት እንዲሰጣት ያዛል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። አሠሪዋ ፓስፖርቷንና መታወቂያዋን መያዝ እንደማይችልም ይናገራል። ወረቀት ላይ ያለውና ማዳም ቤት ያለው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ግን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ልጅቷ ሳትናገር አንድ ሌሊት ብታድር፣ ወይም አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስልኳ ቢዘጋ፣ «ጠፋች» ተብሎ ሊመለከትባት ይችላል። ለአንቺ የአንድ ሌሊት ጨዋታ ለእሷ የመኖሪያ ፈቃዷ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ የደርሶ መልስ ጉዞ አድርጉት። ድንኳኑ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ሦስቱ ልጆች ደግሞ ከሳምንት በፊት ለአሠሪዎቻቸው በቃል ብቻ ሳይሆን በስልክ መልእክትም ጭምር ይናገሩ፤ የት እንደሚሄዱ፣ ከማን ጋር እንደሆኑ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ። መልእክት ሲሆን በኋላ «አልሰማሁም» አይባልም። የአንቺንም ስልክ ይስጡ፤ ማዳም ብትደውል የምታነሺው አንቺ ነሽ። መመለሻውን ከእነሱ የመግቢያ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀደም አድርጊው፤ የመንገድ መጨናነቅ አለ፤ ፎቶ ሳይነሳ ከቦታው ንቅንቅ የማይል ጓደኛም አይጠፋም።

ወዴት ትሂዱ? እኔን ከጠየቅሽኝ አል ዓይን። ከዱባይ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ድንበር የለው፣ ቪዛ የለው። በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ለኤምሬትስ የመጀመሪያዋ ነበር። የዱባይን ፎቅ ብቻ ያየ ሰው እዚያ ሲደርስ «ይሄም እዚሁ አገር ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ጠዋቱን ለኦአሲሱ ስጡት። መግቢያው በነፃ ነው። በከተማው እምብርት 147,000 ያህል የቴምር ዛፍ ቆሟል። በጥላው ሥር ውሃ በቀጭን ቦይ እየተንሸራሸረ ይሄዳል። ቦዩን «ፈለጅ» ይሉታል። እዚህ ላይ ቆም በይልኝና ቃሉን ስሚው። በግዕዝ «ፈለግ» ወንዝ ማለት ነው፤ ፈለገ ግዮን የምንለው። ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው። አሠራሩ ከተራራው ሥር ያለውን ውሃ ከመሬት በታች በቦይ እየመሩ፣ ያለ ሞተር፣ በተዳፋቱ ብቻ እርሻ ድረስ ማድረስ ነው። በዚያ አካባቢ 3,000 ዓመት ያስቆጠሩ ፈለጆች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ውሃው በተራ ነው የሚከፋፈለው፤ ለእያንዳንዱ እርሻ የተመደበ ሰዓት አለው። እኛ አገር የመስኖ ውሃ በተራ ሲጠጣ ያየ የገበሬ ልጅ ከመካከላችሁ ካለ ያን ዕለት አስተማሪያችሁ እሱ ነው።

ከዚያ አል ጃሂሊ ምሽግ አለልሽ። በ1890ዎቹ ከጭቃ ጡብ የተሠራ ነው። እዚህ ቦታ ላይ አበሻ ሲገባ ከሌላው ጎብኚ የተለየ የሚያየው ነገር አለ። ምሽጉ ውስጥ ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን ሰፊ በረሃ በግመል ሁለት ጊዜ ስላቋረጠው እንግሊዛዊ፣ ስለ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተዘጋጀ ኤግዚቢሽን አለ። አብረውት የተጓዙት በደዊኖች «ሙባረክ ቢን ለንደን» ይሉት ነበር። ሰውየው ግን የለንደን ልጅ አልነበረም፤ በ1910 የተወለደው አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ነው! በ1930 በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይ ተገኝቷል፤ በ1933 እና 34 የአዋሽን መጨረሻ ፍለጋ አፋርን አቋርጧል፤ በ1941 ደግሞ ጣሊያንን ለማስወጣት በጎጃም በኩል ከገቡት መካከል ነበር። የበረሃ ጉዞን የተለማመደው እኛው ዘንድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔ ታኅሣሥ ላይ ሄጄ ፎቶዎቹ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሜአለሁ።

ምሳ ከበላችሁ በኋላ ሼክ ዛይድ ከ1937 እስከ 1966 የኖሩበትን ቤተ መንግሥት ማየት ይቻላል፤ አሁን ሙዚየም ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀበል ሐፊት ተራራ ላይ ውጡ። በተራራው ግርጌ 5,000 ዓመት ያህል ያስቆጠሩ፣ የንብ ቀፎ የሚመስሉ የድንጋይ መቃብሮች አሉ። ከዚህ በላይ አትጨምሪ። አምስት ስድስት ቦታ በአንድ ቀን ማየት የሚፈልግ አስተባባሪ መጨረሻ ላይ የሚያሳየው የአውቶቡሱን መስኮት ነው።

ስለ ወቅቱ ብዙ አልልም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ሂጂ፤ በበጋቸው አትሞክሪው። መንግሥት ራሱ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (ይሄም በፈረንጅ ነው) ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ታዲያ አንቺ ጓደኞችሽን ምን በወጣቸው! ልብ በይ፤ በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚገባው በዚሁ ቀዝቃዛ ወቅት ስለሆነ፣ ቀን ከመቁረጥሽ በፊት ካሌንደር እዪ፤ የሙዚየም ሰዓቱም የምግብ ቤቱም ይለወጣል። የእኛም ጾም አለ። ጾመ ነቢያት ልክ በሽርሽሩ ሰሞን ነው የሚውለው። ሁሉም የሚበላው ፉል፣ ፈላፍልና ሆሙስ ያለበት ምግብ ቤት ከመረጥሽ የጾመኛና የፍስክ ጠብ የለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «እሄዳለሁ» ያለና የከፈለ ሰው አንድ አይደሉም። አውቶቡሱ ከነሾፌሩ 900 ድርሃም ነው እንበል። ለ18 ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 50 ይመጣል። ስድስቱ የመጨረሻው ሌሊት ላይ «አሞኛል» ቢሉ ለቀሩት 12 ሰዎች 75 ይሆናል፤ ያን 25 ጠይቆ የሚሰደበው ማነው? አንቺ። ስለዚህ ሒሳቡን በ12 ሰው ሠርተሽ ሰብስቢ፤ 18 ከመጡ ትርፉን ምሳ ላይ ጨምሪበት ወይ መልሺ። ስንት ቀን ሲቀረው የወጣ ሰው ገንዘቡ እንደሚመለስለት አስቀድመሽ በግሩፑ ላይ ጻፊ። አሠሪዋ የከለከለቻት ልጅ ግን የመጨረሻው ቀን ላይም ቢሆን ገንዘቧ ይመለስላት፤ ይሄን ደንብ ሁላችሁም ከመነሻው ተስማሙበት። ደረሰኝ ሁሉ ፎቶ ይነሳ።

የ20 ድርሃሟን ነገር ግን ተዪያት። ጓደኛሞች ወጪ ተካፍለው ሽርሽር መሄዳቸው አንድ ነገር ነው። ለማያውቁት ሕዝብ አስተዋውቆ፣ ትርፍ ጨምሮ ሰው መውሰድ ግን ንግድ ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ አስጎብኚ ድርጅትም አስጎብኚ ግለሰብም ፈቃድ ያስፈልገዋል። በግል መኪና እያስከፈሉ ሰው ማመላለስም የተከለከለ ነው። ጓደኛሽ ሥራውን ከወደደችው ፈቃድ ያለው ድርጅት ጋ ሄዳ ሰው ላምጣላችሁ ትበላቸው፤ ያ ሌላ ጨዋታ ነው። አንቺም አውቶቡሱን የምትከራዪው ፈቃድ ካለው ድርጅት ይሁን፤ «የአክስቴ ልጅ ሚኒባስ አለው» የሚል አይጠፋም፤ አትስሚው።

የፎቶውን ጉዳይ ለሁሉም ቀድመሽ ንገሪ። በኤምሬትስ ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አንስቶ ማሰራጨት ያስከስሳል። የግመል ገበያውን ማየት ከፈለጋችሁ ግመሉን ሳይሆን ባለቤቱን ነው መጀመሪያ የምትጠይቁት። ወደፊት አቡ ዳቢ ያለውን የሼክ ዛይድ መስጊድ ለማየት ካሰባችሁም መግቢያው ነፃ ቢሆንም ቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ለሴት ፀጉርና ክንድ የሚሸፍን ልብስ፣ ለወንድ ረጅም ሱሪ ግድ ነው። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ነጠላና ሻሽ ልማድ ያላት ልጅ አይከብዳትም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ትንሽ ናት ግን ጉድ ታፈላለች። በግሩፑ ላይ «ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን» ብለሽ እንዳትጽፊ። ግማሹ በአበሻ ሰዓት ጎሕ ሲቀድ ይመጣል፣ ግማሹ እኩለ ቀን ላይ። «በስልካችሁ ላይ 6:00 ሲል» ብለሽ ጻፊ፤ አውቶቡሱን ለ6:30 እዘዢው።